ዘንገና ላይ የሞከርኩት ስፒከር

ዕቃ መገምገም የጀመርኩት በንዴት ነው። የገዛሁት ፓወር ባንክ በሁለተኛ ሳምንቱ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ሲሞትብኝ፣ ስልኬን ከፊቴ አቁሜ ዕቃውን በካቻቢቴ ከፈትኩትና ውስጡን አሳየሁ። ከአንዲት ትንሽ ባትሪ አጠገብ፣ ክብደት እንዲኖረው ብቻ ተብሎ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ብረት ተቀምጦበት ነበር። ቪዲዮውን ለጓደኞቼ ብዬ ነው የለቀቅኩት፤ እሱ ግን ከእንጅባራ አልፎ ዳንግላም ጫግኒም ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት እኔን መጠየቅ ጀመረ። ቀን ቀን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ በቀረኝ ጊዜ ደግሞ ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ባትሪና ሬዲዮ እየሞከርኩ ያየሁትን እናገር ነበር።

ሰዎች ስለ እኔ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ "እሱ አይዋሽም" ይሉ ነበር። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ከሚገባው በላይ ደስ ይለኝ እንደነበር አሁን ሳስበው ይገባኛል።

ባለፈው ጥቅምት ዳንግላ ውስጥ የስልክ ዕቃ የምትሸጥ አንዲት ሴት በሚኒባስ ሹፌር እጅ አንድ ካርቶን ላከችልኝ። ውስጡ ሰማያዊ ብሉቱዝ ስፒከር ነበር። ድብልብል፣ ርዝመቱ የእጅ ባትሪ ያህል፣ ወፍራምና በጨርቅ የተለበጠ፣ ጫፉ ላይ መያዣ ማንጠልጠያ ያለው። ካርቶኑ ላይ ውሃ እንደማይገባበት፣ ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ፣ አንድ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ ቀኑን ሙሉ እንደሚጫወት፣ ድምፁም ሜዳ ላይ ሩቅ እንደሚሰማ ተጽፏል።

ስደውልላት እንዲህ አለችኝ፦ "ካርቶኑ ላይ ያለውን እኔም አንብቤዋለሁ። አንተ ግን ውሃ ውስጥ ክተተውና እየው። ካልሠራ አልሠራም በል፤ አላዝንም። ሰው ገዝቶ ወስዶ ተበላሸብኝ እያለ ከሚመልስብኝ ካሁኑ ባውቀው ይሻለኛል።"

መጀመሪያ ቤቴ ውስጥ በባልዲ ሞከርኩት። ሰጠመ፣ ተነሣ፣ ተንሳፈፈ፣ መጫወቱንም አላቋረጠም። እንደ እውነቱ ከሆነ ሙከራው እዚያው አልቆ ነበር። ውሃ አይገባበትም የሚለው እውነት መሆኑን አንድ ባልዲ ውሃ በደንብ አስረድቶኛል። ባልዲ ግን ለቪዲዮ አያምርም። ከኋላው የእቃ መደርደሪያና የተሰቀለ ልብስ ይታያል። ዘንገና ሐይቅ ትዝ አለኝ። ክቡ ውሃ፣ ዙሪያውን የከበበው ደን፣ ከላይ ሰማዩ። ድምፁ ውሃ አቋርጦ ማዶ ሲደርስ ማሳየት ብችል ሰው ምን ይላል ብዬ አሰብኩ።

አንድ ችግር ነበር። ስፒከሩ ከስልክ ሲርቅ ብሉቱዙ ይቆራረጣል። ስለዚህ ሚሞሪ ከተትኩበት፤ በሚሞሪ ሲጫወት ስልክ አያስፈልገውም። ሚሞሪው ላይ ሦስት ነገር ብቻ ጫንኩ። አንዱ ከበሮው የሚያስተጋባ የሠርግ ዘፈን ነበር፤ የድምፁን ጉልበት ለማየት። ሁለተኛው የክራር ጨዋታ፤ ቀጭን ድምፅ እንዴት እንደሚያወጣ ለማየት። ሦስተኛው የራሴ ንግግር ነበር። የሰው ንግግር ጥርት ብሎ መሰማቱን ሁልጊዜ በራሴ ድምፅ ነው የምፈትነው። ደስ ደስ ባለው የቪዲዮ ድምፄ "እንደምን ናችሁ ወዳጆቼ! ዛሬ ደስ የሚል ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ!" ብዬ እጀምርና ጥቂት አወራለሁ። ሦስቱ ሲያልቁ ከመጀመሪያው ይደግማል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አብሮ አደጌ በባጃጁ ወሰደኝ። እሱ ባጃጅ ነጂ ነው፤ እጁ ስለማይንቀጠቀጥ ቪዲዮ የሚቀርጽልኝም እሱ ነበር። እኔ ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ዳንግላ ስልጠና ላይ ስለነበርኩ የከተማውን ወሬ አልሰማሁም። ከእንጅባራ ወጥተን ወደ ጥሊሊ የሚወስደውን አስፋልት እንደያዝን ዘወር ሳይል ተናገረኝ።

"ሰኞ ለታ አንድ ልጅ ዘንገና ሊዋኝ ገብቶ ቀርቷል ይላሉ። ሰምተሃል?"

"አልሰማሁም። ተገኘ?"

"እንጃ። ትናንት ማታ ገና ነው ሲሉ ነበር።"

ወደ ሰማዩ አየሁ። ከምዕራብ በኩል ደመና መከመር ጀምሯል። ከሰዓት ከዘነበ ቀኑ ይበላሽብኛል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሐይቁ ዳር ሰው ይበዛል። "እስካሁን ተገኝቶ ይሆናል" አልኩት።

ከአስፋልቱ ወርደን ከዛፎቹ መሀል ብቅ ስንል ሐይቁ ከእግራችን ሥር ተዘረጋ። ከማዶ፣ ውሃው ጠርዝ ላይ፣ ሰዎች ነበሩ። ከሩቅ ነጭ በነጭ ሆነው ከዛፍ ሥር ተቀምጠዋል።

"ሰዎች አሉ" አለኝ ጓደኛዬ።

"ሙሽራ አጅበው ፎቶ ሊነሡ የመጡ ይሆናሉ" አልኩ።

በሐሙስ ቀን ሙሽራ እንደማይኖር የማያውቅ ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ስልኬን ተቀብሎ መቅረጽ ጀመረ።

ሥራው እንደተመኘሁት ሄደ። የስፒከሩን ማንጠልጠያ በረጅም ሲባጎ አሰርኩና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ወደ ውሃው ወረወርኩት። ጠለቀ፤ ዘፈኑ ታፈነ፤ ወዲያው ብቅ አለና ከበሮው እንደገና ፈነዳ። ድምፁ ውሃው ላይ ተንከባሎ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያች ትንሽ ዕቃ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። እጄን ወደ ማዶ ዘርግቼ ለካሜራው ጮህኩ፦ "እዚያ ማዶ ያሉትን ሰዎች ታያላችሁ? እስቲ ይሰሙን እንደሆነ እንይ!" ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ እኛ ዞሩ። አንዳንዶቹ ተነሡ። "ዞሩ! ሰሙን!" አልኩ እየሳቅኩ።

ከዚያ ሲባጎውን ስስበው ቀለለኝ። ጫፉ ባዶውን መጣ። እኔው ራሴ የቋጠርኩት ቋጠሮ ነው የተፈታው። ነፋሱ ከእኛ ወደ መሀል ይነፍስ ስለነበር ስፒከሩ እየተወዛወዘ ሄደ። መጀመሪያ አሥር እርምጃ፣ ቀጥሎ ሃያ፣ ከዚያ በዓይን ለመከተልም የሚያስቸግር ሰማያዊ ነጥብ ሆነ። ድምፁ ግን አልራቀም። የሠርጉ ዘፈን አልቆ ክራሩ መጣ፤ ክራሩ አልቆ የእኔ ድምፅ ከሐይቁ መሀል ተነሣ። "እንደምን ናችሁ ወዳጆቼ! ዛሬ ደስ የሚል ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ!"

ስልኬን ነካካሁ። በሚሞሪ ስለሚጫወት ስልኬ ምንም አያዘውም። እኔ ደግሞ ዋና አልችልም። ቆመን ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልንም። ዘፈኑ ሁለተኛ ዙሩን ጨርሶ ሦስተኛውን ሲጀምር፣ በሐይቁ ዳር ባለው ቀጭን መንገድ አንድ ሽማግሌ ወደ እኛ ሲመጡ አየን። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ በበትራቸው ቅርንጫፍ እየገለጡ፣ እየቸኮሉ። ሲደርሱ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ነበር፤ ቢሆንም መጀመሪያ ሰላምታ ሰጡን።

"እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ዋሉ አባቴ?" አልን ሁለታችንም።

"ይመስገን። እየተጫወታችሁ ነው መሰለኝ። አትቀየሙኝና፣ እኛ እዚያ ማዶ ሐዘን ላይ ነን። የወንድሜ ልጅ ከዚህ ውሃ አልወጣልንም። እናቱ እዚያ ተቀምጣለች። እባካችሁ ይችን ዘፈን ብታጠፉልን።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በበትራቸው ቢያጅሉኝም ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን እንደሚለምን ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነበር የሚያወሩት።

"አላወቅኩም አባቴ" አልኩ። "በእግዚአብሔር፣ ምንም አላወቅኩም።"

ጓደኛዬ ከጎኔ ነበር። ወደ እሱ ማየት ፈራሁ።

"ታዲያ ከየት ታውቀዋለህ" አሉ ሽማግሌው። "በሉ አጥፉልን እንጂ።"

ማጥፋት እንደማልችል ማስረዳት ነበረብኝ። ሲባጎው እንደተፈታ፣ ስልኬ እንደማያዘው፣ ዕቃው ባትሪው እስኪያልቅ እንደማያቆም። ባትሪው መቼ ነው የሚያልቀው አሉኝ። ሌሊት ቻርጅ ሳደርገው አድሬያለሁ፤ እስከ ማታ ይጫወታል። ይህን ስነግራቸው ዓይኔን ከመሬት አላነሣሁም። ጓደኛዬ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ልጅ እያለ ወንዝ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ይዋኝ ነበር። ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

"ተው ልጄ፤ አንድ ይበቃናል።"

ከዚያ ወደ ውሃው ጠርዝ ወረዱና ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በአገውኛ ተጣሩ። ከማዶ ትንሽ ራቅ ብለው፣ በተነፋ የመኪና ጎማ ላስቲክ ላይ ተቀምጠው፣ በገመድና በብረት ሜንጦ ውሃውን የሚፈትሹ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ቆይቼ እንደሰማሁት ከጫግኒ በኩል የመጡ ዋናተኞች ናቸው፤ ከሰኞ ጀምሮ ልጁን ሲፈልጉ የሰነበቱት እነሱ ነበሩ። ሽማግሌው "ያን የሚጮኸውን ነገር አውጡት! ፍለጋውን ለጊዜው ተዉትና እሱን አውጡት!" አሏቸው። ቃል በቃል ሰማኋቸው። አገውኛ የእናቴ ቋንቋ ነው። ጡት እየጠባሁ የሰማሁት ቋንቋ ነው።

"ናና ዕቃህን ተቀበል" አሉኝ ከዚያ በአማርኛ። ጓደኛዬ ባጃጁ ዘንድ ቀረ፤ እኔ ከኋላቸው ሄድኩ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ የሐይቁን ግማሽ መዞር ነበረብን። ሄደን ሄደን ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

"ከየት ነህ?"

"ከከተማ ነኝ። ከሌላ አገር ተዛውሬ የመጣሁ ነኝ።"

"አገውኛ ትሰማለህ?"

"አልሰማም።"

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። የአገሩ ልጅ ሆኖ ይህን ያደረገ ሰው መሆን አልፈለግኩም። እንግዳ ሰው ቢያጠፋ ነውሩ የራሱ ብቻ ነው፤ የአገር ልጅ ግን እናትም አባትም አለው። በዚያች ደቂቃ እናቴን ካድኳት ማለት ነው።

ስንደርስ ዋናተኞቹ ገና ስፒከሩ ጋ መድረሳቸው ነበር። ከዛፉ ሥር አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች አሉ። ከመሀላቸው ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሠረች፣ ፊቷ የተቧጨረ ሴት ተቀምጣለች። ማን እንደሆነች ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። ዓይኗ ከውሃው አይነቀልም። ዘፈኑን የሰማችው አትመስልም፤ እኔንም አላየችኝም። የምታየው ሰዎቹን ነበር። ዋናተኞቹ የሚፈልጉበትን ቦታ ትተው ወደ መሀል መሄዳቸውን አይታለች። አንደኛው ጎንበስ ሲል አይታለች። አንድ ነገር በሁለት እጁ ከውሃ ሲያነሣም አይታለች።

ተነሣች። እንዴት እንደተነሣች አላውቅም፤ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም ነበር አሉ። የልጇን ስም ጠርታ ወደ ውሃው ሮጠች። "አገኙት! አገኙት!" ትላለች በአገውኛ። ውሃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ ነበር ሴቶቹ ሲይዟት። ሌሎቹም የሆነውን ሳይረዱ አብረዋት ጮኹ፤ ደረታቸውን መቱ። ዋናተኞቹ ነገሩ የገባቸው ዘግይተው ነው። አንደኛው ዕቃውን ጉያው ውስጥ ደበቀው፤ ሊሸፍነው ሞከረ። ማጥፊያውን ግን አላወቀውም። እየቀዘፉ ሲጠጉ ድምፄም አብሮ ተጠጋ። "እንደምን ናችሁ ወዳጆቼ! ዛሬ ደስ የሚል ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ!"

ወደ ውሃው ገባሁና ከእጁ ነጥቄ አጠፋሁት። ማጥፊያውን ተጭኖ መቆየት ያስፈልጋል፤ ሦስት ሰከንድ ያህል። ያን ያህል ረጅም ጊዜ ቆሜ አላውቅም።

ከዚያ ዝም አለ። ሴትየዋ እጄ ላይ ያለውን ዕቃ አየች፤ ከዚያ እኔን። ድምፁ የእኔ መሆኑን የለየች አይመስለኝም። ወደ ሽማግሌው ዞራ በአገውኛ ጠየቀቻቸው።

"ይሄ የማን ልጅ ነው?"

"እንግዳ ነው" አሏት ሽማግሌው በዚያው ቋንቋ። "ምንም አያውቅም። ቋንቋም አይሰማም። ተይው።"

እያንዳንዱን ቃል እየሰማሁ እንዳልሰማ ሰው ቆምኩ። እሳቸው በእኔ ውሸት ለእኔ ይከላከሉልኝ ነበር። "ይቅርታ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አልኩ በአማርኛ፤ ሱሪዬ ውሃ እያንጠባጠበ ዞሬ ሄድኩ።

ስንመለስ ቤቴ ደጃፍ ስወርድ ጓደኛዬ "ነግሬህ ነበር እኮ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ስደውልለት አያነሣም ነበር።

ልጁ በማግሥቱ ዓርብ ተገኘና ተቀበረ። እኔ ቀብሩ ላይ አልሄድኩም። ያን ዓርብ ያደረግኩትን ነገር መናገር ከሁሉም ይከብደኛል። ቪዲዮውን አቀናበርኩት። ዳንግላ ያለችው ሴት ሁለት ጊዜ ደውላ ነበር፤ ሌላ ቦታ እንደገና ልቅረጸው ማለት እችል ነበር። ግን አየሁት፤ በጣም አምሮ ነበር። ሐይቁ፣ ደኑ፣ ሲጠልቅና ብቅ ሲል። ሲባጎው የተፈታበትን ቆረጥኩ። ሽማግሌው የመጡበት ደግሞ አልተቀረጸም። ሰዎቹ ወደ እኛ የዞሩበትን ቦታ ግን አልቆረጥኩትም። "ዞሩ! ሰሙን!" የሚለውን ተውኩት፤ ድምፁ ሩቅ እንደሚደርስ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አልነበረኝም። ቆማ ከሩቅ የምትታየው አንዷ ሴት የልጁ እናት ትሁን አትሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። መጨረሻው ላይ እንዲህ አልኩ፦ ውሃ አይገባበትም፤ ይንሳፈፋል፤ ባትሪው ይቆያል፤ ድምፁ ሩቅ ይሰማል። አንዱም ውሸት አልነበረም። ሰው እንደ ሁልጊዜው "አንተ እኮ አትዋሽም" ብሎ ጻፈልኝ።

እናቴ የምትኖረው ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። በሣምንቱ ወደ ገበያ ስትመጣ እኔ ዘንድ አረፈች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች፣ ለቅሶ ደርሳ እንደመጣች ነገረችኝ። የሟች አባት በእናቷ በኩል ዘመዷ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ከዚያ ስለ ሐይቁ ነገረችኝ። አንድ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሰው ውሃው ላይ ዘፈን ለቆ እናትዬዋ ልጄ ተገኘ ብላ ወደ ሐይቁ እንደገባች።

"አላወቀም ነበር ይላሉ" አለች። "ቋንቋም አይሰማም አሉ። ግን ሰው ሰው ሆኖ፣ ማዶ የተቀመጠ ሰው አይታየውም?"

እኔ ላፕቶፕ እየጠገንኩ ነበር። ቀና አላልኩም።

"አንዷ ሴት ድምፁን ስታስመስለው" አለች ቀስ ብላ፣ "እንደምን ናችሁ ወዳጆቼ ስትል፣ የአንተን ድምፅ መሰለኝ።"

እናቴ እግሯን ማሸቷን አቆመች። ብዙ ጠበቀችኝ። የምትጠብቀው "እኔ አይደለሁም" እንድላት ነበር፤ ብላት ታምነኝ ነበር። አፌን ስከፍት ግን የወጣው "እኔ ነኝ" የሚለው ነው።

"ታዲያ ቋንቋ አይሰማም ያሉትስ?"

"እኔ ነኝ እንዲያ ያልኳቸው።"

አልሰደበችኝም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና ግድግዳውን እያየች ተቀመጠች። ያመጣሁላትን ምሳ አልበላችም። ልትሄድ ስትነሣ "በምን ቋንቋ እንደዋሸኻቸው አላውቅም" አለችኝ፤ "እውነቱን ግን በአገውኛ ትነግራቸዋለህ።"

እኔ ግን ወዲያው አልሄድኩም። ቪዲዮውን ያን ዕለት አነሣሁት፤ ለዳንግላዋ ሴትም ደውዬ ምክንያቱን ነገርኳት። "ባልዲ ውስጥ የሞከርከው ይበቃኝ ነበር እኮ" አለችኝ። ስፒከሩን መልሼ ላኩላት። ወደ ልጁ ቤት ለመሄድ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። ዛሬ ነገ ስል አርባው አለፈ። እናቴ በየገበያው ቀን ትመጣለች፤ ሄድክ ወይ ብላ አትጠይቀኝም። አለመጠየቋ ነው መጨረሻ ላይ ያስነሣኝ።

የሄድኩት አንድ ጠዋት ነው፤ ብቻዬን። ሽማግሌው ደጃፍ ላይ የአጥር እንጨት ሲጠርቡ አገኘኋቸው። ወዲያው ለዩኝ። በአገውኛ "እንደምን አደሩ አባቴ" አልኳቸው። መጥረቢያውን መሬት አስቀመጡ።

የእናቴን ስም ነገርኳቸው። የየት ቀበሌ ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ከዚያ ያን ዕለት መንገድ ላይ ጓደኛዬ ልጅ ሰምጧል ብሎ እንደነገረኝ፣ ሰምቼ እንደመጣሁ፣ ማዶ የተቀመጡትንም አይቼ እንዳላየሁ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ስናገር አገውኛዬ ይሰባበርብኝ ነበር፤ ከተማ ከገባሁ ወዲህ ከእናቴ በቀር ከማንም ጋር አልተናገርኩበትም።

ሽማግሌው አጥሩን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ "አሁን ለምን ነገርኸኝ?" አሉኝ።

ልቤ እንዲቀለኝ ነው ማለት አሳፈረኝ። እናቴ ስላዘዘችኝ ነው ማለትም አሳፈረኝ።

"እኔ ያን ዕለት አያውቅም ብዬ ተከራክሬልህ ነበር" አሉ። "ለሰው ሁሉ የነገርኩት እንዲያ ነው። አሁን ልዙርና ሌላ ልንገራቸው?"

"እንደወደዱ አባቴ።"

"አልነግራቸውም" አሉ። "ለአንተ ብዬ አይደለም። በዚች ሴትዮ ላይ ሌላ ነገር መጨመር ስለማልፈልግ ነው።"

ይህን ሲሉ እሷ ከቤት ወጣች። ጸጉሯን ተላጭታለች፤ ጥቁር ለብሳለች። ሽማግሌው የማን ልጅ እንደሆንኩ ብቻ ነገሯት፤ "የዚያ ዕቃ ባለቤት ነው፤ ሊያጽናናሽ መጥቶ ነው" አሏት። ጉልበቷ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዛ ቀና አደረገችኝ። በርጩማ አወጣችልኝ። አተላ የመሰለ ጠላ አይደለም፤ ለእንግዳ የሚቀዳውን ቀዳችልኝ። ከዚያ ትክ ብላ አየችኝና ጠየቀችኝ።

"ዕቃህ ውሃ ገብቶበት ተበላሸብህ?"

"አልተበላሸም" አልኳት።

"ደግ" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ "እሱስ ይጮህ ነበር፤ ያለበት ይታወቅ ነበር። የኔ ልጅ ድምፅም አላሰማም አሉ ጓደኞቹ። አጠገባቸው እያለ ነው ያጡት" አለች።

ጠላውን ጠጣሁት። ባልጠጣ ትቀየም ነበር። ስለ ሰማሁትና እንዳልሰማሁ ስለሆንኩት ነገር ለእሷ አልነገርኳትም። ሽማግሌው ከኋላዋ ቆመው ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም ነበር፤ መናገርም ዝም ማለትም እንደ ነውር ሆነብኝ። ዝም አልኩ። ትክክል ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ አልገመገምኩም። ሰዎች ለምን ተውክ ሲሉኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው እላለሁ። ጓደኛዬ ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ዝናብ ሲይዘኝ ባጃጁን አጠገቤ አቁሞ "ግባ" አለኝ፤ ገባሁ። ስለ ሐይቁ አላነሣንም። ሄጄ እንደነገርኳቸው ለእሱ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ግን እንድመሰገን የምነግረው መሰለኝና ተውኩት።

ሴትየዋ አንዳንዴ ገበያ ትመጣለች። መንገድ ላይ ስታገኘኝ የምትቀድመኝ እሷ ናት። በአገውኛ ሰላም ትለኛለች፤ የእናቴን ደኅንነት ትጠይቀኛለች። እኔም እመልስላታለሁ፤ ሸክም ካላት እስከ መኪናው አደርስላታለሁ። እስክትሳፈር ድረስ አጠገቧ ቆሜ የምለው ነገር እፈልጋለሁ፤ አይገኝልኝም። መኪናው ሲሄድ እጇን በመስኮት አውጥታ ታወዛውዝልኛለች፤ እኔም እስኪርቅ እቆማለሁ።